የበዓል ዘመድ በጠባብ ቤት

አባቶቻችን «ሆድ ካገር ይሰፋል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ታጋሽ ሰው ልቡና ነው። ዳሩ ግን ትንሣኤ በቀረበ ቍጥር፥ አንድ መኝታ ቤት ብቻ ባላት ቤት ውስጥ ዐሥር ሰው ለማሳደር ለሚጨነቅ ባለትዳርም ይኸው ቃል የሚጠቅም ይመስለኛል። ያለ ዘመድ የሚውል በዓል ምን ጣዕም አለው? ሆኖም ዘመድ ሲሰበሰብ ቤት ይጠባል፤ ቤት ሲጠብ ቃል ያመልጣል፤ ያመለጠ ቃል ደግሞ የ55 ቀን ጾም ያቀናውን ልብ ባንድ ምሽት ሊያጐብጠው ይችላል። ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰምቼ ሳይሆን በገዛ ቤቴ ደርሶብኝ ነውና፥ አንባቢ እንደ ወንድም ምክር ይቀበለኝ ዘንድ እለምናለሁ።

በባላገር ቤት ዘመድ ቢበዛ መደብ አለ፥ ጓሮ አለ፥ ሰፊ ደጅ አለ። በአዲስ አበባ ግን ከመካከላችን ብዙው የሚኖረው በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች ባንዲቱ፥ ወይም በጠባብ ኪራይ ቤት፥ አለዚያም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት የኮንዶሚኒየም ፎቆች ላይ ነው። በእነዚህ ቤቶች ያንዱ ክፍል ሹክሹክታ በሌላው ክፍል ይሰማል።

በ2016 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። እኛ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻችን ጋር በሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት እንኖራለን። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት እናቴ ከመንዝ፥ ወንድሜም ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከደብረ ብርሃን መጡ፤ የባለቤቴ ታናሽ እኅትም ተጨምራ ዐሥራ አንድ ሆንን። ሰሙነ ሕማማት ስለ ነበረ እንደ ሥርዓቱ ሳንሳሳም እጅ ነሥተን ብቻ ተቀበልናቸው፤ ጉልባኑንም አብረን ቀምሰን ያን ሌሊት በደኅና አደርን።

በዕለተ ስቅለት ሁላችንም በቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ውለን ማታ ስንመለስ የቧንቧው ውሃ አልመጣም፤ በየጀሪካኑ የተጠራቀመውም አልቆ ነበር። ባለቤቴ ከስግደቱ ድካም ላይ የነገው የቅዳሜ ሥራ ተራራ ሆኖ ታያት። እኔ ግን ከወንድሜ ጋር ተቀምጬ የልጅነት ጨዋታ አነሣ ነበር። ወደ ማድ ቤት ጠርታኝ ድምፅዋን ዝቅ በማድረግ፥ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው እስከ መቼ ነው የሚቆየው? እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለችኝ። የማይረባ መልስ ሰጥቻት ተመለስሁ። እናቴ አክፍሎት ይዘው ከመጋረጃው ወዲያ ጋደም ብለው ኖሯል።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ብነሣ፥ እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ጓዛቸውን ሲያስሩ አገኘኋቸው። «ወዴት ነው፥ እናቴ?» ብላቸው፥ «መናኸሪያው ሳይጨናነቅ ልሂድ ብዬ ነው፤ ያገሬ ቤተ ክርስቲያን ይሻለኛል። ባናውን ለልጆቹ ትቼዋለሁ፥ ሌሊት ይበርዳቸዋል» አሉኝ። ድምፃቸው የቍጣ አልነበረም፤ ይህም ይበልጥ አስደነገጠኝ። ከሐሙስ ማታ ወዲህ እህል ውሃ ያልቀመሱ አሮጊት በትንሣኤ ዋዜማ ከልጃቸው ቤት ተነሥተው ሊሄዱ ነው!

ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ መጣች። ምክንያት አልደረደረችም፤ በፊታቸው ተንበርክካ፥ «እማማ፥ ማታ የተናገርሁትን ሰምተዋል። ደክሞኝ ነው እንዳልል፥ ድካም ለክፉ ቃል ማመካኛ አይሆንም፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

እናቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ እኔን ያሳዘነኝ ቃልሽ አይደለም። ከመጣሁ ጀምሮ እጄን አጣጥፌ እንደ ሹም አስቀመጣችሁኝ፤ አንቺ ስትንከራተቺ እያየሁ ‹እርስዎ ይቀመጡ› ትይኛለሽ። እንግዳ አደረጋችሁኝ እንጂ እናት አላደረጋችሁኝም። በይ ተነሺ፥ ሽንኩርቱን አምጪው» አሉ፤ ጓዛቸውንም ፈቱ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፥ «አንተስ፥ ስንት ሰው ሆነን እንደምንመጣ ነግረሃት ነበርን?» አሉኝ። ምላሽ አልነበረኝም። ለባለቤቴ የነገርኋት «እናቴ ትመጣለች፤ ወንድሜም ምናልባት» ብዬ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ብዙዎቻችን ወንዶች እንግዳ መቀበል ማለት መጋበዝ ይመስለናል። ቅዱስ መጽሐፍ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 እንደምናነበው፥ አባታችን አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ባየ ጊዜ በቀትር ፀሓይ ሮጦ የተቀበላቸው እርሱ ራሱ ነው። ሣራ ዱቄቱን ስትለውስ እርሱ ወደ ከብቶቹ ሮጦ ጥጃውን መረጠ፤ በሚበሉበትም ጊዜ በአጠገባቸው ቆሞ አስተናገደ። እንዲሁም በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የተጻፈችው ሱነማዊት ሴት ለነቢዩ ኤልሳዕ ትንሽ ሰገነት ከማሠራትዋ በፊት ከባልዋ ጋር ተመካከረች። በዚያች ክፍል ያኖረችውም አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ ብቻ ነበር። እንግዳን የሚያስደስተው የዕቃ ብዛት አይደለምና።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ላካፍል። አስቀድሞ፥ ቢቻል ከሆሣዕና በፊት፥ ባልና ሚስት ማን እንደሚመጣ፥ ስንት ቀን እንደሚቆይና ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን ይመካከሩ። ዘመድም አንዱ ዶሮ፥ አንዱ ቅቤ፥ አንዱ እንቍላል ይዞ ቢመጣ ነውር የለበትም። ቤቱ በእውነት የማይበቃ ከሆነ፥ «በላያችን አብረን እንብላ፥ ማደሪያው ግን በእኅታችን ቤት ይሁን» ብሎ አስቀድሞ መንገር፥ ተቀብሎ ከማጕረምረም እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ሥራው ይከፈል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ብዙ ሰዓት የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ አንዲት ሴት ብቻዋን እየላጠች፥ እየከተፈችና እያቍላላች፥ እንጀራውን ጋግራ፥ ሕፃናቱን አጥባ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ልትቆም አትችልም። በዚያ ቅዳሜ እናቴና ምራቶቻቸው ሽንኩርቱን፥ እኔና ወንድሜ ውሃውን ያዝን፤ ልጆቹም ዕቃ አቀበሉ። ዶሮ በሥርዓቱ ሲገነጠል 12 ብልት ይወጣዋልና፥ እናቴ «ባንድ ዶሮ እንኳ ላስራ አንዳችን ደርሶ ይተርፋል፤ ምን ያስጨንቃችኋል?» እያሉ አሳቁን።

ሦስተኛ፥ ስለ መኝታ። አልጋው ለአረጋውያን፥ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ይሁን፤ ጐልማሳው ወለል ላይ ቢተኛ አይጐዳም። ፍራሽ የሚያውስ ጎረቤትም አይታጣም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይደር። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ ስለሌለው፥ ደጁና መስኮቱ በተዘጋ ቤት የተኙትን ሳያነቃ ይገድላል። የተጐዘጐዘው ቄጤማም ሲደርቅ እሳት ይይዛልና የበራ ሻማ በላዩ አይቀመጥ።

አራተኛ፥ ጎረቤት አይዘንጋ። የፎቅ ነዋሪዎች በጉን በደረጃ ላይ ሳይሆን ለጋራ በተሠራው የዕርድ ስፍራ ይረዱ፤ ስፍራውንም ለተረኛው አጥበው ይልቀቁ። ከግድግዳው ወዲያ ሕመምተኛ ወይም ኀዘንተኛ ይኖር እንደ ሆነ አስቦ ድምፅን ዝቅ ማድረግም የክርስቲያን ወግ ነው።

አምስተኛ፥ ጾም የቆየ ሆድ ቀስ ብሎ ይፈታል። አባቶቻችን በፋሲካ ሌሊት ከሥጋው በፊት ተልባ መቅመሳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠባብ ቤት ዐሥር ሰው ባንድ ሌሊት ሆዱን ቢታመም ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ከሁሉ በላይ ግን፥ የከበደንን ነገር በጊዜው በለሰለሰ ቃል እንነጋገር። የቤት እመቤት «ደከመኝ፥ ርዱኝ» ብትል አታፍርበት፤ ባልም ሳትጠይቀው ይነሣ። እንግዳ የሆነውም ወገን ነጠላውን አስቀምጦ፥ «ምን ልሥራ?» ይበል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ለተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ለመጪውም ጭምር ነው።

በቀዳም ሥዑር ካህናት ያደሉንን ቄጤማ በራሳችን አስረን ዋልን፤ ሌሊትም ሕፃናቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ትተን ወደ ቅዳሴው ሄድን። የቀረሁት እኔ ነበርሁ፤ ተራው የባለቤቴ ነበርና። ሲመለሱ በሩን ስከፍት፥ ባለቤቴና እናቴ ደረጃውን ተደጋግፈው ሲወጡ አየሁ። ከደጃፉ ሲደርሱ እናቴ፥ «እስካሁን በሕማማቱ ምክንያት አልሳምሁሽም፤ እንኳን አደረሰሽ፥ ልጄ» ብለው አቅፈው ሳሟት፤ እርስዋም ጉልበታቸውን ሳመች።

እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቆይተው ሄዱ። ባናቸውንም ትተውልን ሄደዋል፤ ይህን ጊዜ ግን የተዉት ተመልሰው ሲመጡ እንዲለብሱት ነው።