በር የሚያስከፍት ማነው? የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በንፋስ ስልክ ላፍቶ

በአዲስ አበባ ስለ ቤት ለቤት የጤና አገልግሎት ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ብሎ ወደ ቁጥር ይሄዳል፤ ስንት ባለሙያ፣ ለስንት አባወራ፣ በምን ደመወዝ። ንፋስ ስልክ ላፍቶን ተዘዋውሮ ላየ ሰው ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው። ባለሙያዋ ደርሳ ስታንኳኳ በሩን የሚከፍተው ማነው? ከፍቶስ ስለ ማን ነው የሚናገረው?

ክፍለ ከተማው አንድ ሰፈር አይደለም። ከጎፋና ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ጀሞና ሃና ማርያም ሲኬድ የቪላ ግቢ፣ የቀበሌ ቤት፣ የኮንዶሚኒየም ብሎክና በአንድ ሌሊት የቆመ ጨረቃ ቤት ተጎራብተው ይገኛሉ። በ1999ኙ ቆጠራ 316,283 ሰው ይኖርበት ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም፤ በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ነዋሪ የገባውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሪፖርት ላይ «ሽፋን ይህን ያህል በመቶ ደረሰ» ሲባል የሚካፈልበት ቁጥር ግምት መሆኑን ልብ ማለት ደግ ነው።

የቤት ለቤት የጤና ሥራው የተጀመረው ገጠር ነው። በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነደፍ ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ እስከ ክትባት፣ ከወሊድ ክትትል እስከ ወባ መከላከል ድረስ 16 ፓኬጆችን ይዘው የሚዞሩ ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ፤ የሌሎች አገር ሰዎችም ሊማሩበት መጡ። ስኬቱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ልጆቹ የተመለመሉት ከዚያው ከሚያገለግሉበት አካባቢ ነው። በር ላይ የቆመችው ባለሙያ ብቻ አልነበረችም፤ የእነ እገሌ ልጅ ነበረች። ስለ መጸዳጃ ቤት የምትናገረው ለአክስቷና ለእናቷ እኩያ ነው፤ ብትቆጣም ብትለምንም ያምርባታል።

ፕሮግራሙ በ2002 ዓ.ም ወደ ከተማ ሲመጣ ይህ ነገር ቀረ። ለከተማው የተመረጡት ዲፕሎማ ያላቸው ነርሶች ሲሆኑ፣ ሦስት ወር ያህል ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ለእያንዳንዳቸው 500 አባወራ ይመደብላቸዋል ተባለ። በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት፣ በዩኤስኤአይዲ፣ ገንዘብ ጄኤስአይ የተባለው ድርጅት ከጅምሩ አብሮ ሠራ። በእውቀት ረገድ ነርሷ ከገጠሯ ባልደረባዋ ትበልጣለች። ነገር ግን የቤት ኪራይ በሚቀንስበት ሰፈር ትኖራለች፣ ጠዋት ታክሲ ተሰልፋ ትመጣለች፣ ማታ ትመለሳለች፤ ሰፈሩ አያውቃትም። እ.ኤ.አ. በ1994 የቤተሰብ ጤና ፕሮግራሟን የጀመረችው ብራዚል የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ የሚያገለግልበት ሰፈር ውስጥ መኖር አለበት ብላ መደንገጓ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ በሩ እንመለስ። ባለሙያዋ በትከሻዋ የያዘችው ቦርሳ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሕፃናት ክንድ መለኪያ ቴፕና የቤተሰብ ፎልደር አለ። የቪላ ግቢ ስታንኳኳ ጥበቃው በትንሿ በር አንገቱን ብቅ አድርጎ «ሰው የለም» ይላል። ካግባባችው የቤት ሠራተኛዋ ትወጣለች። ውሃ አላችሁ? አለን። ቆሻሻ የት ነው የምትጥሉት? ማኅበሮቹ መጥተው ይወስዱታል። ልጆቹ ክትባታቸውን ጨርሰዋል? «እኔ እንጃ፣ እትዬ ናቸው የሚያውቁት።» በዚህ መልክ አንድ ቅጽ ይሞላል፣ አንድ ቤት «ተጎበኘ» ይባላል። ጠያቂዋ በዚያ ሰዓት ፊቷ ስለቆመችው የቤት ሠራተኛ፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ክትባቷ፣ ስለ ሳሏ የምትጽፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ የላትም፤ የቤተሰቡ አባል አይደለችምና።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ2009 ዓ.ም ግድም ጀምሮ አዲስ አበባ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል አሠራር ሞከረች፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተቀናጅተው፣ አባወራውን በገቢና በጤና ችግር በአራት ምድብ ከፍለው፣ ድሃና ታማሚ ያለበትን አስቀድመው እንዲጎበኙ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለፍትሐዊነት ከተሞከሩት ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል። ችግሩ የሚመደበው ቤቱ እንጂ ሰዉ አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ ሀብታም ከሆነ ቤቱ «ሻል ያለ» ተብሎ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሠራተኛዋም፣ ጥበቃውም፣ ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ ቤት ውስጥ አራት ሆነው የተከራዩት የቀን ሠራተኞችም አብረው ይገፋሉ። ለቡና መካኒሳን በመሳሰሉ ሰፈሮች ድህነት ተለይቶ አይኖርም፤ በሀብታም ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ኮንዶሚኒየሙ ሌላ ዓይነት ራስ ምታት ነው። በጀሞ ብሎኮች በሥራ ሰዓት አምስተኛ ፎቅ ድረስ ለወጣች ባለሙያ የሚጠብቃት የተቆለፈ በር ነው። ነዋሪው ማታና እሑድ ይገኛል፤ እሷ የምትሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በሃና ማርያም በኩል ያለው ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ ገብቶ የጤና ባለሙያዎች ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። በዚያው ወር መጨረሻ በዚሁ ክፍለ ከተማ ወረዳ 1፣ ቀርሳና ኮንቶማ በሚባሉት አካባቢዎች ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶችን የማፍረስ ዘመቻ ተጀመረ። ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪው ዘንድ የመጣው ሁሉ የመጣው ከወረዳ ነው፤ ስም የሚመዘግበውም፣ በር ላይ ቁጥር የሚጽፈውም። እንዲህ ባለ ቦታ ፎልደር የያዘች ሴት «ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ጥያቄው የጤና መሆኑን በምን ይወቅ? አንዷ አምስት ጎረቤቶቿን የምታስተባብርበት «አንድ ለአምስት» ይባል የነበረው የሴቶች አደረጃጀት በኋላ በብዙ ቦታ የተዳከመውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በሰፈሯ ነፍሰ ጡር የምትቆጥረው አስተባባሪ የፖለቲካ ስብሰባም ጠሪ ሆና ነበር። ያለ ክፍያ ነው የሠራችው፣ ያም ሳይዘነጋ።

ታዲያ ወረዳ ሳይሆን በር የሚያስከፍት ማን አለ? አዲስ አበቤን ብትጠይቁት መልሱ ዕድር ነው። ኤችአይቪ ከተማዋን ባደቀቀበት ዘመን ለሞተ ብቻ ይከፍሉ የነበሩ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመና ወላጅ ለሞተበት ልጅ መክፈል ጀምረው ነበር። ዕድር ማን እንደታመመ ከጤና ጣቢያ ቀድሞ ያውቃል፤ ጠያቂ ስለሚልክ። እሑድ ይሰበሰባል፤ ባለሙያዋ በሳምንቱ ቀን ያጣቻቸው ወንዶች ሁሉ እዚያ ቁጭ ብለው ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላሉ። ደም ብዛትና ስኳር የሚለካበት ጠረጴዛ ከገንዘብ ያዡ ጎን ቢቀመጥ፣ በኮንዶሚኒየሙም የብሎኩ ሰው በሚደግስበት ኮሚናል ውስጥ ቢዘረጋ፣ አምስት ፎቅ መውጣት አያስፈልግም። በየቦታው አልፎ አልፎ ይሞከራል፤ ቋሚ ሥራ ግን አልሆነም። ለሪፖርቱ የሚቆጠረው የተንኳኳ በር ነዋ!

ዕድርም ቢሆን ሁሉን አያቅፍም። አዲስ ገቢ የመግቢያ ይከፍላል፤ ነባር ዕድር ከሆነ የመግቢያው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በየስድስት ወሩ ኪራይ ጨመረብኝ ብሎ ሰፈር የሚቀይር ተከራይ ያን ከፍሎ አይገባም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም እንዲሁ ነው። በ2003 ዓ.ም በ13 የገጠር ወረዳዎች ተሞክሮ በ2010 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ መክፈል የማይችለውን መንግሥት እንዲከፍልለት ተደርጓል፤ ትልቅ ነገር ነው። ምዝገባው ግን በወረዳ፣ በአባወራና በነዋሪነት መታወቂያ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ አዲስ መታወቂያ መስጠት ያቆመችባቸው ጊዜያት ነበሩ። ቁጭራ ውስጥ ያለው፣ ቋሚ አድራሻ የሌለው፣ ከክፍለ ሀገር ትናንት የመጣው ከዚህም ከዚያም ይወጣል።

ተለክቶ ደም ብዛት የተገኘበት ሰው ጉዳይም አለ። ባለሙያዋ «ጤና ጣቢያ ሂድ» ብላ ወረቀት ትጽፍለታለች። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ካለው መድኅን ያለው ሰው በነፃ ይወስዳል። ከሌለው የከተማው ከነማ ፋርማሲ፣ እዚያም ከጠፋ የግል። ለአንድ ወር ይገዛል፤ ለሁለተኛው ወር «ደህና ነኝ» ይላል።

ሥራው የሚደገፍበትን ገንዘብ በተመለከተ፣ በጥር 2017 ዓ.ም አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋረጠ። አብዛኞቹ የኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደመወዟ ከከተማ አስተዳደሩ ስለሆነ ቦታዋ ላይ አለች፤ ሥልጠናው፣ ክትትሉና ቅጹ ግን ለዓመታት በውጭ ገንዘብ የተደገፈ ነበር።

ቅጹን ማሻሻል ከሁሉ ርካሹ ሥራ ነው። የጉብኝቱ መለኪያ ከአባወራ ወደ ግቢ ቢቀየር፣ ፎልደሩም በግቢው ያደረውን ሁሉ፣ ሠራተኛዋን፣ ጥበቃውንና የሰርቪስ ቤቱን ተከራይ በየስማቸው ቢይዝ፣ ለመጀመር አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የወረዳው ሪፖርት «የተጎበኘ አባወራ» ከሚለው ዓምድ ጎን ሌላ ዓምድ እንዲጨምር ነው፤ ያም ከወረዳው ሳይሆን ከላይ የሚወሰን ነው።