ቤት የሚጸዳው ለማን ነው?

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ ወደምሠራበት ክሊኒክ እየሮጠች ገባች። የሕፃኗ ከንፈር ቀልቷል፤ ምራቋ ይዝረበረባል፤ ልብሷ በረኪና በረኪና ይሸታል። አፏን በውኃ አጥበን፣ ጉሮሮዋንና አተነፋፈሷን መርምረን ለቀጣይ ክትትል ወደ ሆስፒታል ላክናት። ደግነቱ የዋጠችው ትንሽ ስለነበር ልጅቷ ተርፋለች።

እናቲቱ ከተረጋጋች በኋላ የነገረችኝ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤተሰቡ የሚኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየው ባለአንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። አከራያቸው ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ለማየት እንደሚመጡ አስቀድመው ተናግረዋል። እናት ዓርብ ማታ ስታጸዳ አመሸች። ወለሉን አጠበች፤ መጋረጃውን ቀየረች፤ ቦታ ያጣውን ዕቃ ሁሉ ደግሞ አልጋ ሥር አስገባችው። ሁልጊዜ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ይቀመጥ የነበረው፣ በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳ በረኪናም አብሮ ገባ። አከራይዋ መጡ፤ ቤቱን አይተው፣ አመስግነው ወጡ። እናት እስከ በር ስትሸኛቸው ልጅቷ ኳሷን ፍለጋ አልጋ ሥር ገባች።

«ዶክተር፣ ቤቴ እንደዚያ ቀን ጸድቶ አያውቅም እኮ» አለችኝ።

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይህ ንግግር ነው። ቤታችንን ለሚያይ ሰው ስናጸዳ ብዙውን ጊዜ የምንሠራው ዕቃ መሸሸግ ነው። የተሸሸገው ዕቃ ግን ከቤት አልወጣም። እንግዳው ከሄደ በኋላ ከእኛ ጋር የሚያድረው እሱ ነው።

እኔም እንደ ብዙዎቹ አንባቢዎች ተከራይ ነኝ። አከራይ ሊመጣ ነው ሲባል ያለውን ጭንቀት አውቀዋለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲመጡ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ሊቆጣጠሩት የመጡ ይመስለዋል። እነሱ የሚጠይቁት ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ፣ ስለ ውኃ አያያዝና ስለ ልጆች ክትባት ነው፤ የሚመጡትም ለመምከር ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ማንም ቢመጣ በቤትዎ የሚቆየው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። እርስዎና ልጆችዎ ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ጎብኚው ከመምጣቱ በፊት እንደ ሐኪም ሆነው ቤትዎን ራስዎ ይመርምሩት። ከየት እንደሚጀምሩ ልንገርዎ።

አልጋ ሥር ይጀምሩ

ብዙ የኪራይ ቤት ውስጥ አልጋ ሥር ማለት ዕቃ ቤት ማለት ነው። ሻንጣ፣ የተበጠሰ ጫማ፣ ባዶ ካርቶን፣ «አንድ ቀን ይጠቅማል» የተባለ ኮተት ሁሉ እዚያ ይገባል። ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡትና በሦስት ይክፈሉት፦ የሚጠቀሙበት፣ ለሌላ ሰው የሚሰጥ፣ የሚጣል። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ክምር ውስጥ አይገባም።

በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ፣ የአይጥ መርዝና መድኃኒት አልጋ ሥር ፈጽሞ መቀመጥ የለባቸውም። ከልጅ ቁመት በላይ፣ ቢቻል በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ያኑሯቸው። በውኃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ አይቅዱ። ማንበብ ለማይችል ልጅ ፕላስቲኩ ራሱ «ጠጣኝ» ይለዋል። አዋቂም ቢሆን ሌሊት ጠምቶት ሲነሳ ይሳሳታል።

ልጅ ከእነዚህ አንዱን ቢጠጣ እንዲያስታውክ አያድርጉ። በረኪናና አሲድ ሲወርዱ ያቃጠሉትን ጉሮሮ ሲመለሱ ደግመው ያቃጥሉታል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ በማስታወክ ጊዜ ወደ ሳንባ ገብቶ ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል። ዘይት፣ ሎሚ ወይም ወተት እያስገደዱ አያጠጡ። አፉን በውኃ አጥበው፣ የነካውን ልብስ አውልቀው፣ ዕቃውን ከነቀሪው ይዘው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በጽዳት ዋዜማ የሚደርስ ሌላም አደጋ አለ። መጸዳጃ ቤቱ ይበልጥ እንዲነጣ በማለት በረኪናን ከአሲድ ጋር የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይህ ጋዝ ዓይንን ያቃጥላል፤ ሳንባን ይጎዳል። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ በር ከፍተው ይጠቀሙ።

መስኮቱ ይከፈታል?

በብዙ ክፍሎች መስኮቱ ፊት ለፊት ቁም ሳጥን ወይም የካርቶን ክምር ቆሟል። መስኮቱ ነጻ ሲሆን ደግሞ «ንፋስ ይመታናል» ብለን እንዘጋዋለን። ሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በአየር ነው። ሕመምተኛው ሲያስል የሚወጣው ጀርም በታፈነ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ግን ይበተናል። ስለዚህ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ በርና መስኮቱን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አንድ ላይ ይክፈቱ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይመርመር፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል።

የከሰል ነገር ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ብዙ ሰው ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ከጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች በአንድ ጊዜ ከያዛቸው ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ። ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ወጥተው ንጹሕ አየር ይተንፍሱ፤ ከዚያም ሕክምና ያግኙ። ከሰል የሚያያዘው ውጭ ነው፤ ክፍሉን ለማሞቅ ብሎ ፍም አስገብቶ መተኛት ደግሞ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ያሳጣን ልማድ ነው።

እንግዳ ሊመጣ ሲል ዕጣን አጭሶ የእርጥበት ሽታን ማጥፋትም የተለመደ ነው። ሽታው ለጊዜው ይሸፈናል፤ የሽታው ምንጭ ግን እዚያው ነው። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ጭሱ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

በክረምት ከቁም ሳጥን ጀርባ ግድግዳው ይጠቁራል። ይህ ሻጋታ ነው። አስምና የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናትን ያስላቸዋል። ቁም ሳጥኑንና አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁ፤ አየር ይለፍበት። እርጥብ ልብስ ክፍል ውስጥ አያስጡ። የጠቆረውን ቦታ ጓንት አድርገው በሳሙናና ውኃ ያጥቡት፤ ከዚያም በደንብ ያድርቁት። በላዩ ላይ ቀለም መቀባት ለጎብኚ ዓይን ይረዳ ይሆናል፤ ሻጋታው ግን ከሥር ያድጋል።

ውኃው ከሚያፈስ ቧንቧ ወይም ከጣሪያ የሚመጣ ከሆነ በጽዳት ብቻ አይፈታም። አከራይዎን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ይንገሯቸው።

ትኋን፣ በረሮና አይጥ

እነዚህ ሦስቱ ኮተት ይወዳሉ። ካርቶን፣ የልብስ ክምርና የተሰነጠቀ ግድግዳ ቤታቸው ነው። ትኋን በሽታ ሲያስተላልፍ አይታወቅም፤ እንቅልፍ ግን ይነሳል፤ ሲያሳክክ የተቧጠጠውም ቆዳ ያመረቅዛል። በረሮ አስምን ይቀሰቅሳል። አይጥ ምግብና ውኃ ይበክላል።

ለትኋን አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በጣም ሙቅ በሆነ ውኃ ያጥቡ፤ የአልጋውን መገጣጠሚያዎች በፈላ ውኃና በብሩሽ ይፈትጉ፤ ፍራሹን አውጥተው ስፌቱን በደንብ ይመርምሩ። ሥራውን በየሳምንቱ ይድገሙት፤ እንቁላሉ በአንድ ቀን አያልቅምና። ጎረቤት ክፍል ውስጥም ካለ በጋራ ካልተሠራ ተመልሶ ይመጣል።

አጥብቄ የማስጠነቅቀው ደግሞ ይህን ነው፦ ለእህል የሚሆነውን የነቀዝ መድኃኒት እንክብል ለትኋን ብለው መኝታ ክፍል ውስጥ አያስቀምጡ። እርጥበት ሲያገኝ የሚለቀው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ገዳይ ነው፤ በግድግዳ ስንጥቅ አልፎም ጎረቤት ይደርሳል። መድኃኒት መርጨት ካስፈለገ ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደውን ብቻ፣ በመለያው ላይ በተጻፈው መሠረት ይጠቀሙ።

የውኃ ጀሪካንና በርሜል

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማጠራቀም ግድ ነው። ጀሪካኑ ከውጭ ንጹሕ ሆኖ ከውስጥ አረንጓዴ ካወጣ ግን ተቅማጥ ያመጣል። በየሳምንቱ ውስጡን በሳሙናና በትንሽ ጠጠር አራግተው ያጥቡት። ከሰፊ አፍ ዕቃ የሚቀዱት እጀታ ባለው መቅጃ ይሁን፤ እጅዎ ውኃውን አይንካው።

ቆላማ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ክዳኑ የበለጠ ያስፈልግዎታል። በ2011 ዓ.ም. ክረምትና በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ ቺኩንጉንያ በስፋት ተከስቶ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው የወባ ትንኝ ሳትሆን ኤደስ የተባለችው ትንኝ ናት። የምትራባውም ቤት ውስጥ ባለ ክፍት በርሜል፣ በባልዲና በአሮጌ ጎማ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው።

የሌሊቱ መንገድ

መብራት አጥፍተው ከአልጋ እስከ በር ይሂዱ። እግርዎን ያደናቀፈው ነገር ሁሉ ቦታው እዚያ አይደለም። እሳት ቢነሳ የሚያመልጡት በዚያ መንገድ ነው። ከገጠር የመጡ አዛውንት እናት ወይም አባት ካሉም ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ የሚወድቁት እዚያው ነው፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን በልብስ ወይም በምንጣፍ ሥር አይደብቁት።

ስለ ውሉ አንድ ነገር

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ሁለት ዓመት ለሳንባ ረጅም ጊዜ ነው። ስለዚህ ቤት ሲረከቡ የማይከፈተውን መስኮት፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ፣ የጠቆረውን ግድግዳ ከአከራይዎ ጋር አብረው ይዩ፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሱ። በኋላ «ማን አበላሸው?» ከሚል ክርክር ሁለታችሁም ትድናላችሁ።

አከራይ ሆነው ይህን የሚያነቡም ይኖራሉ። ቤትዎን ለማየት ሲሄዱ ምስማር ተመታ አልተመታ ከማለትዎ በፊት መስኮቱን ከፍተው ይሞክሩት። ስለ ፍሳሽና ስለ እርጥበት ይጠይቁ። ተከራይዎ ችግሩን ከሚደብቅዎ ቢነግርዎ ለቤትዎም ይሻላል።

በሳምንት አንድ ሰዓት

ይህ ሁሉ በአንድ ዓርብ ማታ አይሠራም፤ መሠራትም የለበትም። በሳምንት አንድ ሰዓት ይመድቡና በመጀመሪያው ሳምንት አልጋ ሥር፣ በሁለተኛው ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ በሦስተኛው ማዕድ ቤትና የውኃ ዕቃ፣ በአራተኛው መጸዳጃ ቤትና የበር መንገድ ያዳርሱ። ከዚያ ጀምሮ ጎብኚ ሲመጣ የሚቀርዎት ወለል መጥረግ ብቻ ነው። በጉብኝቱ ዋዜማ ማታ የግድ ዕቃ ማንሳት ካለብዎት ደግሞ አንድ ሕግ ይያዙ፦ ከፍ ያለውን መርዝ ዝቅ አያድርጉ።

ያቺ እናት ከወር በኋላ ልጇን ለክትትል አምጥታት ነበር። ሕፃኗ ወንበር ላይ እየዘለለች አላስቀምጥ ብላናለች። አልጋው ሥር አሁን ምን እንዳለ ጠየቅኳት።

«ኳሷ ብቻ» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ የራሴን አልጋ ሥር አየሁ። እርስዎም ጋዜጣውን እንዳስቀመጡ ጎንበስ ብለው ይዩት።