የስኳር በሽታ ያለባቸው ወላጆቻችን ስኳር በድንገት ከፍ የሚለው ስለ ምንድን ነው?

በጎንደር ከተማ በማራኪ ሰፈር የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አለ እንበል። እናቱ ካገር ቤት መጥተው ከእርሱ ጋራ ይኖራሉ፤ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀም ብዙ ዓመት ሆኗል። የጥምቀት በዓል ባለፈ በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ልጅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እንደ ልማዱ የእናቱን ጣት ወግቶ ደማቸውን ቢለካ፣ በመሣሪያው ላይ 380 የሚል ቍጥር ወጣ። ባለፈው ሳምንት ግን 150 ነበር። ልጅ ደነገጠ፤ ከድንጋጤውም የተነሣ ተቈጣ። «እማማ፣ ማሩን ቀምሰዋል፤ ጠላውንም ጠጥተዋል» አለ። እናት «በታቦቱ ስም፣ ከትናንት ጀምሮ አንድ ጕርሻ እንኳ በወጉ አልዋጥሁም» ብለው ማሉ። ልጅ አላመነም፤ የማሩን ማሰሮ ቈልፎበት ወደ ሥራው ሄደ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ይህን ምሳሌ ያነሣነው በብዙ ቤት የሚደርስ ነገር ስለሆነ ነው። እናትየዋ የማሉት በእውነት ሊሆን ይችላል። ሰው ምንም ሳይቀምስ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በእጥፍ ሊጨምር ይችላልና። ይህ እንዴት እንደሚሆን ያልተረዳ ልጅ ማር ሲቈልፍ ዋናው ጠላት በሌላ በር ይገባበታል።

ስኳር ወደ ደም የሚገባው ከምግብ ብቻ አይደለም። ጉበታችን እንደ ጎተራ ነው፤ በጥጋብ ጊዜ ስኳሩን ያከማቻል፣ በባዶ ሆድ ጊዜ ደግሞ ጥቂት በጥቂት ያወጣል። የጎተራውን በር የሚጠብቅ፣ ስኳሩንም ከደም ወደ ሥጋችን የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። እንግዲህ ሰውነት ሲታመም፣ ሲቈስል ወይም ትኵሳት ሲይዘው፣ ጦር እንደ መጣበት አገር ስንቁን ያወጣል። በዚህ ጊዜ የሚበዙት ሆርሞኖች ጉበትን ስኳር እንዲያፈስ ያዙታል፤ የኢንሱሊንንም ኀይል ያደክሙታል። ጤነኛ ሰው ቆሽቱ ተጨማሪ ኢንሱሊን አመንጭቶ ነገሩን ያስተካክላል። የስኳር በሽተኛ ግን ይህን ለማድረግ ዐቅም የለውም። ስለዚህ እህል ሳይቀመስ ቍጥሩ ይወጣል።

ከዚህም የባሰው ቀጥሎ ያለው ነው። የደም ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ኵላሊት ሊይዘው ስለማይችል ወደ ሽንት ይለቀዋል፤ ስኳሩም ውሃ እየሳበ ይወጣል። በሽተኛው በሌሊት ደጋግሞ የሚነሣው፣ አፉም የሚደርቀው ስለዚህ ነው። ውሃው ሲያልቅ ደሙ ይወፍራል፤ ሲወፍርም ስኳሩ ይበልጥ ይጨምራል። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ደግሞ ጥማቸው ስለሚደክም ሰውነታቸው ደርቆ ሳለ «አልጠማኝም» ይላሉ። በዚህ አኳኋን በጥቂት ቀን ውስጥ ቍጥሩ ከ600 በላይ ሊወጣና አእምሯቸው ሊታወክ ይችላል።

ሌላም አደጋ አለ። ኢንሱሊን ፈጽሞ ያነሰው ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስላቃተው ስቡን ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን የተባለ ነገር ደሙን ያኰመጥጠዋል። ምልክቱ ማስታወክ፣ የሆድ ቍርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንዲሁም እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ነው። ለዚህ ቍጥሩ እስከ 600 መድረስ አያስፈልገውም፤ በ250 ላይም ይደርሳል።

ወደ ማራኪው ቤት እንመለስ። ልጅ ማታ ሲመለስ እናቱ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ተኝተዋል። እንደገና ቢለካ 410 ሆነ። በዚህ ጊዜ ጎረቤት የሆኑ አንዲት ነርስ ገብተው በመጀመሪያ የጠየቁት ስለ ማሩ አልነበረም፤ «እስቲ እግራቸውን ልይ» አሉ። እናት እግራቸውን ለማሳየት አፈሩ። ካልሲው ሲወልቅ ግን ተረከዛቸው ላይ መግል የያዘ ቍስል ተገኘ። ታቦቱን ለማጀብ እስከ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲሄዱ አዲሱ ጫማ ልጧቸው ኖሯል። ብዙ ዘመን የቈየ የስኳር በሽታ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሕመሙ አልታወቃቸውም።

ስኳር በድንገት ከሚወጣባቸው ምክንያቶች ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ያለው ቍስል ወይም ሌላ የተሰወረ በሽታ ነው፤ የሽንት ቧንቧ፣ የሳንባ፣ የጥርስም ሊሆን ይችላል። በሽማግሌዎች ላይ የልብ ድካም እንኳ ያለ ደረት ሕመም መጥቶ ራሱን በስኳር ቍጥር የሚገልጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እግራቸውን፣ በጣቶቻቸው መካከልና ከሥር ሳይቀር፣ ለማየት ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት መድኃኒቱ ነው። አልቆ ይሆናል፤ ወላጅም ገንዘብ ላለማስወጣት ብሎ ዝም ይላል። ወይም ጠበል ሲሄዱ መርፌውን ከቤት ትተውት ይሆናል፤ ጠበሉ መድኃኒት ይዞ መሄድን አይከለክልምና ስንቃቸው ውስጥ መክተት የልጅ ፋንታ ነው። ኢንሱሊን ደግሞ ይበላሻል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ ከነካው ግን አይረባም። የተከፈተው ብልቃጥ በቀዝቃዛ ስፍራ ብዙውን ጊዜ እስከ 28 ቀን ያገለግላል። ወደ መተማ ቈላ በሚሄድ አውቶቡስ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኢንሱሊን ግን መልኩ ሳይለወጥ ኀይሉ ሊጠፋ ይችላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ገጠር በርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ማስቀመጥ ይረዳል። መርፌው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሲወጋም ሥጋው ይጠነክርና መድኃኒቱ በደንብ አይሰርግም።

ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የተባሉት መድኃኒቶችም ስኳርን እጅግ ከፍ ያደርጋሉ። መድኃኒቱን ለሚያዘው ሁሉ «እናቴ ስኳር አለባቸው» ማለት አይረሳ።

ምግብስ? ምግብም በርግጥ ያወጣል። የጾም ምግብ ስኳር የለበትም የሚል ስሕተት በብዙ ቤት አለ፤ እንጀራው፣ ድንቹና ዳቦው ግን በሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናሉ። ነገር ግን ድግስ ያወጣው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቀጥል ይወርዳል፤ ሳይወርድ የቀረው ነው ሌላ ምክንያት የሚያስፈልግለት። ደግሞም ብርቱካን ልጦ ያልታጠበ ጣት የሐሰት ቍጥር ያሳያልና፣ ከመቈጣት በፊት እጅን በውሃና በሳሙና አስታጥቦ እንደገና መለካት ይገባል።

በሽታውን የሆዳምነት ቅጣት አድርጎ ማየት በራሱ በዚህ አገር የማይስማማ ነገር ነው። በጎንደር ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደርና በጅማ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ በሽተኞች ከሲታና ድኻ መሆናቸውን ገልጠው ነበር። ከጥጋብ ያልመጣን በሽታ በጥጋብ ማማት ታማሚው ምልክቱን እንዲደብቅ ያደርገዋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚያጠፋው ስሕተት እንምጣ። እናት ወይም አባት ታመው እህል እንቢ ሲሉ «አልበሉምና መርፌው ይቅር» ይባላል። ከላይ እንዳልነው ጉበት ስኳር ያለ ማቋረጥ ያፈሳልና፣ ምግብ ቢቀርም ኢንሱሊን ፈጽሞ አይቋረጥም፤ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በጥር 1914 ዓ.ም. ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ኢንሱሊን ያጣ ሰው ዕድሉ ሞት ነበር፤ መርፌውን ማቋረጥ ወደዚያ ዘመን መመለስ ነው። በፍርሃት ተነሥቶ በገዛ እጅ እጥፍ መውጋትም እንደዚሁ አደገኛ ነው። የሚዋጠውን ኪኒን በተመለከተ ግን፣ ማስታወክ ካለ ሐኪም ለጊዜው ሊያስቆመው ስለሚችል ቶሎ ይጠየቅ።

እስከዚያው ንጹሕ ውሃ ጥቂት በጥቂት ያጠጧቸው፤ የልብ ወይም የኵላሊት ሕመም ያለባቸው ከሆነ ልኩን ሐኪም ይወስን። በየ4 ሰዓቱ ለክታችሁ ጻፉ። ከ300 በላይ ሆኖ ደጋግሞ ካልወረደ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሷቸው። ማስታወክ፣ ጥልቅ አተነፋፈስ፣ መፍዘዝ ወይም የንግግር መዘባረቅ ካለ ደግሞ ቍጥሩን አትጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

መለኪያ በሌለበት ስኳሩ ወጥቶ ይሁን ወርዶ ሳይታወቅ ቢፈዙ ግን፣ መዋጥ እስከ ቻሉ ድረስ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይሰጣቸው። የወረደ ስኳር በአጭር ጊዜ ይገድላል፤ በወጣው ላይ የሚጨመር ጥቂት ስኳር ግን እስከ ሆስፒታል መንገድ ድረስ ብዙ ለውጥ አያመጣም። መዋጥ ያልቻለ ሰው በአፉ ምንም አይጨመርበትም። ሲሄዱም የመድኃኒቶቹን ብልቃጦችና ቍጥሩ የተጻፈበትን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።