«ልብ በሉ» እና «ሆን ብዬ አይደለም»

በክፍሎቻችን በየቀኑ የምንሰማቸው ሁለት አባባሎች አሉ። መምህሩ «ልብ በሉ!» ይላል፤ ጓደኛውን የገፈተረ ልጅ ደግሞ «ሆን ብዬ አይደለም!» ይላል። ስለ ንቃተ ህሊና የሚመራመሩ ሊቃውንትም የሚከራከሩት በእነዚሁ ነው፤ በትኩረትና ሆን ብሎ በማድረግ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን ፊልም አሳዩ። ተመልካቾቹ የአንዱ ቡድን ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ ታዘዙ። በመሀል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል አለፈ። ታዲያ ግማሽ ያህሉ ጭራሽ አላዩትም! ዓይናቸው ጤነኛ ነው፣ የሚያዩትም ወደዚያው ነው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚባለው ለካ እንዲያው ለወግ ያህል አይደለም።

በርናርድ ባርስ የተባለው ምሁር አእምሮን በቲያትር ቤት ይመስለዋል። ብዙው ሥራ በጨለማ ይሠራል፤ ትኩረት የመድረኩ መብራት ነው። መብራቱ ያረፈበት ነገር ለአዳራሹ ሁሉ ይታያል፤ የምናውቀው እሱን ነው። ሁሉም ግን በዚህ አይስማማም። ክሪስቶፍ ኮክና ናኦትሱጉ ቱሺያ እ.ኤ.አ. በ2007 ትኩረትና ንቃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብለው ጽፈዋል።

ሆን ማለት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ቤንጃሚን ሊቤትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ሰዎች ደስ ባላቸው ሰዓት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አደረጉ። አንጎል እጅ ከመንቀሳቀሱ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቀድሞ መዘጋጀት ይጀምራል፤ ሰውየው «አሁን ፈለግሁ» የሚለው ግን 0.2 ሴኮንድ ያህል ሲቀረው ነው። እንግዲህ ያ ልጅ «አንጎሌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ሊለን ነው? እኛ አንቀበለውም። እጅን እንዲያው ማንሳትና ከትናንት ጀምሮ ሲያብሰለስሉት የቆዩት ጠብ አንድ አይደሉም። በዚያ ላይ አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያ የአንጎል ዝግጅት ውሳኔ ሳይሆን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚል እንቅስቃሴ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል «አልሰማሁም» ያለውን ተማሪ ሆን ብሎ ነው ብለን ስንቱን ቀጥተን ይሆን? መምህራን ይህችን ሞክሯት፦ አንድ ምንባብ አንብቡ፤ ተማሪዎቹ «ውሃ» የሚለውን ቃል ይቁጠሩ። በመሀል አንድ ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዞ በዝግታ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ይለፍ። ሲያበቃ ቁጥሩን ተዉትና ጀሪካኑን ማን እንዳየ ጠይቁ።