ፊደል ከመቁጠር እስከ ማንበብ፦ ልጆች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ምን ይማራሉ?

ልጅ ትምህርት ቤት በገባ በጥቂት ወራት «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ሲወርደው የማይደሰት ወላጅ የለም። ከ1 ጀምሮ 100 ሲደርስም እንዲሁ ነው። ደስታው ተገቢ ነው። ይሁንና ፊደልን በቃል የሚወርድ ልጅ ገና አያነብ ይሆናል፤ እስከ 100 የሚቆጥርም ገና አያሰላ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 4 ክፍሎች ዋና ሥራ ይህን ክፍተት መሙላት ነው።

ክፍተቱ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በ8 ክልሎችና በ6 ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከሰሌዳ እየገለበጡ ደብተር የሚሞሉ ናቸው። መገልበጥ ደግሞ ያታልላል፤ ጽሕፈቱ ያማረ ደብተር የያዘ ልጅ የጻፈውን ማንበብ ላይችል ይችላል።

ንባብ የሚጀምረው ከጆሮ ነው። መምህሯ «ሰላም» ብላ ልጆቹ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንዴ እንዲያጨበጭቡ ታደርጋለች፦ ሰ፣ ላ፣ ም። ቀጥላም «ሰ ብትወጣ ምን ይቀራል?» ትላለች። «ላም» ያለ ልጅ ቃል ከድምፆች የተሠራ መሆኑ ገብቶታል። ጨዋታ ይመስላል እንጂ ፊደል የሚያርፍበት መሬት ይኸው ነው።

ከዚያ ፊደሉ ይመጣል። 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 መልክ ሲቀርቡ 231 ይሆናሉ፤ ለ7 ዓመት ልጅ ብዙ ነው። የሚያቀለው ሥርዓቱ ነው። ለ ሉ ሲሆን፣ በ ቡ ሲሆን ጭረቷ ቀኝ ጎን ላይ ትወጣለች፤ ሌ እና ቤ ላይ ደግሞ ከእግር ሥር ቀለበት አለች። ይህን ያስተዋለ ልጅ ያልተማረውን ፊደል ገምቶ ያነባል። አስቸጋሪው ስድስተኛው መልክ፣ ሳድስ ነው፤ ል፣ ብ፣ ም፣ ር በአንድ መንገድ ስለማይሄዱ ልምምድ ይፈልጋሉ። ፊደሉን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ ግን «ላ» ሲያሳዩት «ለ፣ ሉ፣ ሊ…» እያለ ከላይ ካልወረደ አይደርስባትም። ስለዚህ ልጅዎን ሲጠይቁ ከመሃል፣ ከዚህም ከዚያም እየነኩ ይጠይቁት።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙዎቻችን ችላ እንለዋለን፤ ፍጥነትን። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ገዛ ይሁን ሸጠ የሚታወቀው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደረስ ነው። በየፊደሉ እየቆመ የሚያነብ ልጅ እዚያ እስኪደርስ መነሻውን ይረሳል። በዚያ ላይ ጽሑፋችን ጥብቀትን፣ ማለትም ድምፅ ጠብቆ ወይስ ላልቶ እንደሚነበብ፣ አያሳይም። «አለ» የተባለው «ተናገረ» ለማለት ይሁን «ይገኛል» ለማለት፣ «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ማለት፣ የሚለየው ዙሪያውን በተረዳ አንባቢ ነው። ስለዚህ ልጁ ገጹን ከጨረሰ በኋላ «እስቲ ታሪኩን ንገረኝ» ማለት ከምንም በላይ ይጠቅማል። ይህን ለማድረግ ማንበብ የማይችሉ እናትና አያትም አይቸገሩም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ያነበበውን መረዳት ሲለምድ፣ ልማዱን ወደ እንግሊዝኛም ይዞት ይሄዳል። በከተማ «ልጄ በእንግሊዝኛ ይጀምርልኝ» የሚለው ጥድፊያ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው፤ ቋንቋውንም ንባቡንም በአንድ ጊዜ መሸከም ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው።

ሒሳቡም ተመሳሳይ ነው። ትልቁ ትምህርት የቁጥር ቤት ነው፤ የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት። «ሦስት መቶ አምስት» ሲባል 3005 ብሎ የጻፈ ልጅ አልሰነፈም፤ 300ን ጽፎ 5ን አስከተለ፣ የሰማውን ጻፈ። ያልገባው አንድ አኃዝ በቆመበት ቤት ዋጋው እንደሚለወጥ ነው። 42 − 17ን 35 ያለውም ከ2 ላይ 7 መቀነስ ሲያቅተው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ ነው። መፍትሔው 10፣ 10 የታሰሩ የእንጨት ጭራሮዎች ናቸው፤ 4 እስርና 2 ነጠላ ይዞ፣ አንዱን እስር ፈትቶ ሲቀንስ 25 እንደሚቀረው በዓይኑ ያያል። ያኔ «መበደር» ምን እንደሆነ ይገባዋል።

የማባዣ ሰንጠረዥን መሸምደድ አስፈላጊ ነው፤ 7 × 8 ሲባል ጣት መቁጠር የለበትም። ነገር ግን 7 × 8 ማለት እያንዳንዳቸው 7 የያዙ የ8 ቡድኖች ድምር መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ መልሱ ቢጠፋው ከ7 × 7 ላይ 7 ጨምሮ 56 ይደርስበታል።

ንባብና ሒሳብ የሚገናኙት በታሪክ መልክ በሚቀርበው ጥያቄ ላይ ነው። ይህን እንይ፦ አልማዝ 12 እርሳስ አላት። የእሷ እርሳስ ከከበደ በ5 ይበልጣል። ከበደ ስንት እርሳስ አለው? ብዙ ልጆች «ይበልጣል» የምትለዋን ቃል አይተው ይደምሩና 17 ይላሉ። መደመር አላቃታቸውም፤ ማን ከማን እንደሚበልጥ አላነበቡም። አንዳንድ ቤት «ይበልጣል ካለ ደምር፣ ይቀራል ካለ ቀንስ» ተብሎ ይመከራል፤ ምክሩ እንዲህ ባለው ጥያቄ ላይ ልጁን ይጥለዋል። ይልቅ ጥያቄውን በራሱ አንደበት ይናገረው፣ የአልማዝንና የከበደን እርሳሶች በጭረት ይሣላቸው፤ 7 የሚለው መልስ ከሥዕሉ ይወጣል።

ወላጅ የመምህር ሥልጠና አያስፈልገውም። ዳቦ ሲላክ «አንዱ 8 ብር ቢሆን 5 ዳቦ ስንት ነው? ከ50 ብር ስንት ትመልሳለህ?» ማለት፣ የሱቅና የታክሲ ጽሑፍ ማስነበብ፣ መልስ ሲሰጥ ትክክል ቢሆንም «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ትምህርት ቤት ሲሄዱም የልጅዎ ደረጃ ስንተኛ እንደሆነ ከመጠየቅዎ በፊት፣ ልጁ ያላየውን አንድ አንቀጽ እፊትዎ እንዲያነብና እንዲተርክ መምህሩን ይጠይቁ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።