አፑ ለምን እየባሰበት ይሄዳል? የኮሪ ዶክቶሮው መልስ

ፌስቡክ ላይ የአንድ ጓደኛችሁን ፖስት ለማየት ስንት ማስታወቂያ ታልፋላችሁ? ችግሩ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ስምም ወጥቶለታል። ስሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ቶሮንቶ የተወለደው ጋዜጠኛና ልብ ወለድ ጸሐፊ ኮሪ ዶክቶሮው ሲሆን፣ "ኢንሺቲፊኬሽን" ይለዋል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ትንሽ ብልግና አለበት፤ እኛ በጨዋ አማርኛ "መዝቀጥ" እንበለው። የአሜሪካ ዲያሌክት ማኅበር የ2023 የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል።

ሰውየው ቦይንግ ቦይንግ በተባለው ብሎግ ላይ ለዓመታት ጽፏል፤ ለዲጂታል መብት በሚሟገተው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም ሠርቷል። በ2003 የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ታትሞ ለገበያ ሲቀርብ፣ እሱ ያንኑ መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቀው።

ልብ ወለዶቹም የሚያነሱት ይህንኑ ጉዳይ ነው። በ2019 ባወጣው "ራዲካላይዝድ" ውስጥ ሳሊማ የምትባል ስደተኛ አለች። ቶስተሯ የሚጠብሰው ኩባንያው የፈቀደውን ዳቦ ብቻ ነው። ኩባንያው ሲከስር ቶስተሩም ሥራ ያቆማል። ቀልድ ይመስላል አይደል? ግን ከራሱ ኩባንያ ቀለም ውጪ አልቀበልም የሚል ፕሪንተር ዛሬም ገበያ ላይ አለ።

መዝቀጥ እንዴት ይመጣል? በሦስት ደረጃ ነው ይላል። መጀመሪያ ድርጅቱ ተጠቃሚውን ይንከባከባል። ሰው ሁሉ ገብቶ መውጣት ሲከብደው፣ ተጠቃሚውን እየጎዳ ነጋዴውንና ማስታወቂያ አስነጋሪውን ይጠቅማል። እነሱም መውጫ ሲያጡ የሁሉንም ጥቅም ወደራሱ ኪስ ይሰበስባል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይህ "የመቀየሪያ ወጪ" ይባላል፦ አፑን ማጥፋት ቀላል ነው፣ ውስጡ ያሉትን ሰዎች ማጣት ግን ከባድ ነው።

መፍትሔው ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ይመስላል። ከኢትዮ ቴሌኮም ሲም ወደ ሳፋሪኮም መደወል ይቻላል፤ ሲም ስለቀየራችሁ ጓደኞቻችሁን አታጡም። ዶክቶሮው ማኅበራዊ ሚዲያውም እንደዚህ እርስ በርሱ እንዲገናኝ ሕግ ያስገድደው ነው የሚለው።

እሱ ራሱም ዋጋ ከፍሏል። የአማዞኑ ኦዲብል የድምፅ መጻሕፍትን በዲጂታል ቁልፍ ቆልፎ ስለሚሸጥ መጽሐፎቹን እዚያ አይሸጥም። በ2020 አንዱን የድምፅ መጽሐፍ በኪክስታርተር በቀጥታ ለአንባቢ አቅርቦ ከ260 ሺህ ዶላር በላይ ሰበሰበ።

እርግጥ ይህን ማድረግ የቻለው የሚከተለው አንባቢ ስላለው ነው። በፌስቡክ ፔጅ ጫማ የምትሸጥ ልጅ ግን "በቃኝ" ብትል ገበያዋ እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ዶክቶሮው ጉዳዩን ለግለሰብ ምርጫ የማይተወው፤ የሚጠይቀው ሕግና ውድድር ነው። ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ግን ፔጅ ያላችሁ፣ ቢያንስ የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ ያዙ። ፎሎወሩ የድርጅቱ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ ግን እናንተ ጋ ይቀራል።