ጾም የሚጾመውንና ፍስክ የሚበላውን እንግዳ በአንድ ግብዣ ስለ ማስተናገድ

(በራዲዮ ከተነገረው)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ከወጥ ቤት የማያልፍ ተራ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ቤቱን ከፍቶና ገንዘቡን አውጥቶ ሰው የጠራ ባለቤት ሁሉ የሚደክመው እንግዳው በልቶና ጠጥቶ ደስ ብሎት እንዲሄድ ነውና፣ ከተጠሩት መካከል እኩሌቶቹ ጠግበው እኩሌቶቹ ባዶ ሆዳቸውን ከተመለሱ የግብዣው ድካም ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንደዚህ ነው። ባለቤቱ በግ ያርዳል፤ ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጥብሱና ዱለቱ በየድስቱ ይሰናዳል። በመጨረሻው ሰዓት «የሚጾምም ይኖር ይሆናል» ይባልና አንድ ድስት ሽሮ ከምድጃው ጥግ ይጣዳል። ጾመኛው እንግዳ መጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ዝግ ባለ ድምፅ «ይህ ቅቤ ነክቶታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የምታስተናግደው ልጅ ወደ ጓዳ ገብታ ትጠይቃለች፤ ከጓዳም አንዲቱ «የለበትም» ስትል ሌላይቱ «እኔ እንጃ» ትላለች። እንግዳውም ይህን በሰማ ጊዜ «ግድ የለም፣ ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥቶ ይሄዳል። የሀገራችን ሰው ከሰው ቤት ርቦት እንደ ወጣ አይናገርምና ባለቤቱ ግብዣው የሰመረለት መስሎት ያድራል።

ይህ ጉዳይ በተለይ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለሚኖሩት አድማጮቻችን የዘወትር ነገር ነው። («የነፋስ ስልክ» የሚለው ቃል በቀድሞው አማርኛ ያለ ሽቦ በአየር የሚላከውን መልእክት ማመልከቻ ስለ ነበረ፣ የዚህን ሰፈር ነገር በራዲዮ ማውሳት ያለ ቦታው አይሆንም።) በጎፋ፣ በመካኒሳና በሳሪስ ያሉት የቆዩ ሰፈሮች በእድርና በማኅበር የተሳሰሩ ናቸው፤ እንደ ጀሞ ባሉት ስፍራዎች በኋላ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ከልዩ ልዩ አገር የመጡትንና ሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ የሆኑትን ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ ላይ አገናኝተዋቸዋል። በእነዚህም ቤቶች ግቢ ለዕርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ የጋራ መገልገያ ቤት አለ። ዛሬ አንዱ ጎረቤት የልጁን ምረቃ የሚያሰናዳበት ምድጃ ነገ የሌላው ጎረቤት ነው።

ጾመኛውና ፍስክ በላተኛው በአንድ ማዕድ የሚገናኙበትን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅ አያስቸግርም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ረቡዕንና ዓርብን ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ፤ ልደትና ጥምቀት በእነዚህ ቀናት ቢውሉ ግን ይበላባቸዋል። ከዚህም ሌላ 55 ቀን ያለው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 ቀን የሚጀምረው የነቢያት ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ያለው የፍልሰታ ጾም፣ የሐዋርያት ጾምና ሌሎችም አሉ። ምእመናኑ ሠርጋቸውን ጥርን በመሰለ የፍስክ ወራት ስለሚያደርጉት ችግሩ በሠርግ ላይ ያን ያህል አይጎላም። የሚጎላው በትምህርት ምረቃ፣ በአዲስ ቤት መግቢያ፣ በሥራ ባልደረባ መሸኛ፣ እንዲሁም የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ ጎረቤት በሚደግሰው ድግስ ነው፤ ለእነዚህ ቀን የሚቆረጥላቸው ብዙ ጊዜ የጾሙ መቁጠሪያ ሳይታይ ነውና። በረመዳን ወር ደግሞ ለሙስሊም ጎረቤት የሚደረግ የምሳ ጥሪ ጥሪ ሊባል አይችልም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማፍጠሪያው እንዲደርስ ማድረግ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብዙ ሰው የጾምን ምግብ የሚቆጥረው ሥጋ ለማይበሉት እንደሚደረግ ልዩ አስተያየት ነው። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁሉንም የሚያገናኘው የጾሙ ምግብ ሲሆን የሚለያየው ሥጋው ነው። ከጎፋ ወደ መሐል ከተማ ሲመለሱ በሚገኘው ቄራ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ዕርድ በየበኩሉ የሚከናወን መሆኑ የታወቀ ነው፤ በየሥጋ ቤቱም ደጃፍ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ ይታያል። ስለዚህ ባለቤቱ ያረደው አንድ በግ ምንም ቢሰባ የሚያገለግለው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን ግን ጾመኛውም፣ ሙስሊሙም፣ ሐኪም ሥጋ የከለከለውም፣ በገዛ ፈቃዱ ሥጋ የተወውም፣ ሥጋ በላተኛውም ሳይቀር ይበላዋል።

«ሥጋ በላተኛውም ሳይቀር» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የግብዣዎች ሁሉ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። አንድ ሰው 60 እንግዳ ጠርቶ ከእነዚህ 20ዎቹ ጾመኞች ናቸው እንበል። ባለቤቱም ለ20 ሰው የሚበቃ የጾም ምግብ፣ ለ40 ሰው የሚበቃ ሥጋ ያሰናዳል። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ፍስክ የሚበላው እንግዳ ሳህኑን ይዞ በተነሣ ጊዜ ከዶሮውም ከጥብሱም ወስዶ፣ ምስሩን ደግሞ ለቅምሻ፣ ጎመኑንም ለማጣፈጫ ብሎ ይጨምርበታል። ኋላ የደረሰው ጾመኛ የሚያገኘው የድስቱን ቂጥ ነው። ስለዚህ የጾሙ ምግብ መሰናዳት ያለበት ለ60ው ሁሉ፣ ሥጋው ደግሞ ለ40ው ነው። ይህም ለባለቤቱ ኪሳራ አይደለም። ከጎኑ ጥሩ የጾም ምግብ ሲኖር ከሥጋው የሚነሣው ያንሳል፤ ምስርና ክክም ከበግ ሥጋ ይልቅ ለኪስ ይቀላሉ።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ከባድ የሚመስለው ድርብ ሥራ በብልሃት ሲያዝ አንድ ሥራ ይሆናል። የወጥ ድካም ያለው ከቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ተከትፎ በአንድ ትልቅ ድስት በደረቁ ይቁላላል፤ ከዚያም ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ ይጨመርና ውሃ ጠብ እየተደረገበት እስኪበስል ድረስ ይታሻል፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም ይገባበታል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም የጾም ነው። ከዚህ በኋላ ቁሌቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እኩሌታው ወደ ምስሩ፣ እኩሌታው ወደ ሥጋው ድስት ይሄዳል። ንጥር ቅቤው የሚገባው በመጨረሻው ሰዓት በሥጋው ድስት ብቻ ነው። እንደ ልማድ ከመነሻው ቅቤ የጨመረ ሰው ግን ሌላ ሽንኩርት መክተፍና ሌላ ከሰል ማንደድ ግድ ይሆንበታል።

የጾሙ ወጥ ጣዕም አይኖረውም የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የቅመሙን ሽታ ከቅቤው የመጣ አድርገው የሚቆጥሩ ናቸው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው ለቅቤ ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ዘይት በዝግታ እሳት ከእነዚህ ጋር ቢነጠርና ቢጠል የምስሩም የሽሮውም መዓዛ ከደጅ ይሰማል። በዚህ ላይ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ አዚፋ፣ ተልባ ቢጨመርበት ጾመኛው እንግዳ የተጦረ እንጂ የተረሳ አይመስለውም።

ከውጭ አገር ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ከነፋስ ስልክ ወደ መሐል ከተማ ሲወጣ ሜክሲኮ አደባባይን ያገኛል። አደባባዩ በዚህ ስም የተጠራው ፋሽስት ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘችበት ዘመን ሜክሲኮ ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ስለ ነበረች ነው። የሜክሲኮ ሰዎች ቶርቲያ የሚባል ከበቆሎ የሚጋገር ስስ ቂጣ አላቸው። በግብዣም ጊዜ ቂጣው በአንድ ወገን፣ የተጠበሰው ሥጋ፣ ቦሎቄው፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና የቃሪያው ስልስ በየሳህኑ ይቀርብና እንግዳው የወደደውን በቂጣው ላይ አድርጎ አጥፎ ይበላዋል፤ ይኸውም ታኮ ይባላል። ሥጋ የሚበላውና የማይበላው በአንድ ገበታ ዙሪያ ቆመው ያለ ጭንቀት ይመገባሉ። ለእንጀራችን የሚስማማ ሥርዓት መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም እዚያም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለ። ቦሎቄው በቆየው ባህል የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ስለ ሆነ፣ ሥጋ የማይበላው እንግዳ ጥራጥሬ ነው ብሎ ያነሣው ምግብ ሥጋ ነክ ሆኖ ይገኛል።

የእኛም ሽሮ ጉዳይ ይኸው ነው። ሽሮ ዱቄቱ የአተርና የሽምብራ ቢሆንም ቅቤ በልማድ ይጠጋዋል፤ ዐይን አይቶ ሊለየው አይችልም። ጎመንም እንደዚሁ። ሩዝ በሥጋ መረቅ ይቀቀላል። ሰላጣ ላይ የሚፈሰው ማዮኔዝ ዕንቁላል አለበት። ድፎ ዳቦ አንዳንዴ በወተት ይቦካል። ኬክማ ቅቤውም ዕንቁላሉም ወተቱም የተሰበሰበበት ነው፤ የጾም ኬክ የሚሠሩ ኬክ ቤቶች በከተማችን ሞልተው ሳለ በምረቃ ቀን ጾመኛውን ተመራቂ የማይበላውን ኬክ እንዲቆርስ ማድረግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ዓሣን በተመለከተ፣ በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ ለብቻው በሌላ ሳህን ይቅረብ እንጂ ከጾሙ ምግብ ጋር አይደባለቅ።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ሥራውን የምታበላሽ አንዲት ዕቃ አለች፤ እርስዋም ጭልፋ ናት። ወጡ ምንም ንጹሕ የጾም ቢሆን፣ አንድ ችኩል እንግዳ ከቀይ ወጡ ያወጣውን ጭልፋ በምስሩ ውስጥ ከነከረው ያ ድስት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የፍስክ ሆነ። በላፍቶ በአንድ የአዲስ ቤት መግቢያ ላይ አንዲት እናት በጾሙ ጭልፋዎች እጀታ ላይ ሁሉ ቀይ ክር አስረው አይተናል። ክር ያለበትን ጭልፋ ከሥጋው ድስት ያገኘ ልጅ ወዲያው እንዲያወጣውና እንዲያጥበው ታዟል። ይህን የመሰለ ዘዴ ብዙ ወጪ የለውም።

የገበታው አቀማመጥም ይረዳል። የሚቻል ከሆነ ሁለት ገበታ በድንኳኑ ሁለት ወገን ይዘርጋ፤ በላያቸውም «የጾም»፣ «የፍስክ»፣ «የሙስሊም» የሚል ወረቀት ይቁም። ስፍራው ጠቦ አንድ ገበታ ብቻ ከሆነ ሰልፉ ከጾሙ ምግብ ተነሥቶ በሥጋው ይፈጸም፤ የሚንጠባጠበው ነገር ከጾሙ ወደ ፍስኩ ቢሆን ማንንም አይጎዳምና። እድሩ የሚያውሳቸውም ድስቶች ባለፈው ሳምንት ሥጋ ተሠርቶባቸው ሊሆን ስለሚችል ለጾሙ የሚመረጡት አስቀድመው በፈላ ውሃ ይታጠቡ። በትሪ በጋራ የሚበላ ከሆነ ጾመኞች ከጾመኞች ጋር ይቀመጡ። ጉርሻ የፍቅር ነገር ቢሆንም፣ ክትፎ በነካ እጅ ጾመኛውን ለማጉረስ መታገል ሰውን ማስጨነቅ ነው።

ባለቤቱ ለአንዲት ሴት ወይም ለአንድ ሰው የጾሙን ገበታ ኃላፊነት ሊሰጥ ይገባል። ይህ ሰው ከቁሌቱ ጊዜ ጀምሮ የነበረና ምን በየትኛው ድስት እንደ ገባ በዐይኑ ያየ መሆን አለበት። «ቅቤ ነክቶታል ወይ?» ለሚለውም ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እሱ ብቻ ይሁን። ጭልፋ የተሳሳተበት ድስት ካለም «ይህኛው ተነካክቷል፣ ያኛውን ያንሡ» ብሎ በግልጽ መናገር ነውር የለበትም። እንግዳውን ለማስደሰት ሲባል «የለበትም» ብሎ ቅቤ ያለበትን ማብላት ግን ከሁሉ የከፋ ነው። እንግዳው ነገሩን ከሰማ፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ በዚያ ቤት ዳግመኛ እህል አይቀምስም፤ ምክንያቱንም አይናገርም።

ስለ መጠጡ ብዙ የሚያነጋግር ነገር የለም። ጠላና ጠጅ ለጾመኛው አይከለከሉም፤ ለማይጠጡት ደግሞ ያልፈላ ብርዝና ለስላሳ ይሰናዳል።

በመጨረሻም የተረፈውን በተመለከተ አንድ ነገር እንናገር። ድግሱ የተደረገው ሐሙስ ከሆነ ማግሥቱ ዓርብ ነው። የተረፈው ሥጋ እስከ ቅዳሜ ከማቀዝቀዣ ይገባል፤ ምስሩና ጎመኑ ግን በዚያው ቀን ከጧት ጀምሮ በየሳህኑ ተደርጎ፣ ከላይኛውም ከታችኛውም ፎቅ ላሉት ጎረቤቶች፣ ሃይማኖታቸው ሳይጠየቅ ሊላክ ይችላል።